ወደ ጎን የዞሩ ቀስቶች

«ወይ ወንድማማቾቹ ይውጡ፣ ወይ ሽቦዎቻቸው ይውጡ» አለ የአዳራሹ ሥራ አስኪያጅ። ኮሪደር ላይ ቆሞ ነው፤ ከባንዱ መሪ በቀር የሚሰማው ሰው ያለ አልመሰለውም። የወንድማማቾቹ እህት ግን በዚያች ሰዓት ከሊፍቱ ጣሪያ ላይ ተንበርክካ ገመዱን ቅባት እየቀባች ነበር። የሊፍት ጉድጓድ ደግሞ የሕንፃ ጆሮ ነው፤ ምድር ቤት የታማ ሰው ሰገነት ላይ ይሰማል። «መድረኩ ላይ ሁለት ጊታር፣ ሁለት ሻንጣ ሙሉ ፔዳል፣ ጎርፍ ያመጣው ሐረግ የመሰለ ሽቦ። ባለፈው አንዲት እንግዳ ተጠልፋ ከነቦርሳዋ ከበሮው ላይ ወደቀች፤ ሰው ደግሞ የሙዚቃው ክፍል መስሎት አጨበጨበ። የኢንሹራንሶቹ ግብዣ ሲደርስ እግራቸው ሥር አንዲት ሣጥን ብቻ ነው ማየት የምፈልገው። አለዚያ ሁለቱንም አሰናብቼ በኮምፒውተር የሚያጫውት አንድ ሰው አስገባለሁ። እሱ ቢያንስ ከራሱ ጋር አይኳረፍም።» የባንዱ መሪ ለምሳ እንኳ ድምፅ ስለሚያሰጥ ሊቀመንበሩ ይባላል። «ጉዳዩን ለአባላቱ አቀርበዋለሁ፣ ጌታዬ» አለ። ሊቀመንበሩ ሳያቀርበው ጉድጓዱ አቀረበው።

ቤት ውስጥ ስሟ ፊውዝ ነው። ስሙ የወጣላት በልጅነቷ መብራት በጠፋ ቁጥር ወንበር ላይ ቆማ ቆጣሪውን የምትነካካው እሷ ስለነበረች ነው፤ ካደገች በኋላ ግን ስሙና ኑሮዋ ተገጣጠሙ። ፊውዝ ማለት ቤቱ እንዳይቃጠል መሃል ገብታ የምትቃጠል ቀጭን ሽቦ ናት። ታላቅ ወንድሟና ታናሽ ወንድሟ ቃል ከተለዋወጡ ሁለት ዓመት አልፏቸዋል። አንድ ቤት ያድራሉ፣ አንድ ባንድ ውስጥ ይሠራሉ። ታላቅየው የግብዣውን የመጀመሪያ ግማሽ ይጫወታል፣ ታናሽየው ሁለተኛውን፤ የሁለቱም ዕቃ ግን ከመነሻው እስከ መድረሻው መድረኩ ላይ ተዘርግቶ ይቆያል፤ አንዱ የሌላውን አይነካማ። ያ ባለ ኮምፒውተር ቢመጣ ምን እንደሚከተል ፊውዝ እዚያው ጉድጓዱ ውስጥ ሆና አሰበችው። ደሞዛቸው መቅረቱ አንድ ነገር ነው፤ መቀነት ጠበቅ አድርጎ ይታለፋል። እሷን ያስፈራት ሌላው ነው፦ ሁለት ሥራ ፈት ኩርፈኞች፣ ከጠዋት እስከ ማታ፣ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ፣ እሷ መሃል። በዚያው ቀን ለየብቻ ጠርታ «እኔ እሠራላችኋለሁ» አለቻቸው። «የሁለታችሁም ድምፅ፣ በአንድ ሣጥን።»

የኢንሹራንሶቹ ግብዣ የዋለው ቅዳሜ ነው። ጠዋት እንደ ወትሮው ሁሉም ጠረጴዛው ላይ ነበሩ፤ ታላቅየው ከመስኮቱ በኩል፣ ታናሽየው ከበሩ በኩል፣ ፊውዝ መሃል፣ እናታቸው ሻዩን ይዛ ከኋላ። ጠረጴዛው ትንሽ ስለሆነ የሁለቱ ወንድማማቾች ክርን ይነካካል፤ በተነካካ ቁጥር ሁለቱም ይቅርታ የሚጠይቁት ፊውዝን ነው።

«ለዚያ ልጅ ንገሪው» አለ ታላቅየው ሻዩን እያየ፣ «ዳቦ ሲቆርጥ ፍርፋሪውን ወደ ሰው አያባርር።»

«ለወንድምሽ ንገሪው» አለ ታናሽየው፣ «ፍርፋሪው የመጣው ከሱ ጢም ነው።»

ፊውዝ አልነገረችም። መልእክት ማድረስ ከተወች ቆይታለች፤ የሚነገረው ሰው አጠገቧ ተቀምጦ ስለሚሰማ የእሷ ሥራ መሃል ላይ መቀመጥ ብቻ ነው። ታናሽየው ድሮ «ጋሼ» ነበር የሚለው። ጋሼ ጊታር አስተማረኝ፣ ጋሼ ጫማ ገዛልኝ። አሁን «ወንድምሽ» ሆኗል፤ ሰውየው የእሷ ወንድም ብቻ ይመስል። ታላቅየውም በበኩሉ ጢሙ የሸበተውን ጎልማሳ «ያ ልጅ» ይለዋል።

እናት ሻይ እየቀዳች ከጠረጴዛው ጫፍ ክዳኗ ተከፍቶ የተቀመጠችውን ሣጥን በጥርጣሬ አየቻት። «በአንድ ሆድ ተሸክሜያቸው ያልተስማሙ፣ በአንድ ቆርቆሮ ሊስማሙ ነው?»

«በየተራ ነዋ የተሸከምሻቸው፣ እማዬ።»

«እሱ ነው ጥፋቴ» አለች እናት፣ ስኳሩን ወደ ታናሽየው ገፋ አድርጋ።

ሰው በውርስ ይጣላል፣ በድንበር ይጣላል፣ በሚስት ይጣላል። እነዚህ የተጣሉት በቅደም ተከተል ነው። ፔዳል ማለት ጊታሩና ስፒከሩ መሃል ገብቶ በእግር ሲረግጡት የጊታሩን ድምፅ የሚለውጥ ዕቃ ነው፤ እነሱ ቤት ሦስት ዓይነት አለ። እውነተኛ ስማቸው የባዕድ ነው፣ እናት ግን በሚገባት አጥምቃቸዋለች፦ ድምፁን የሚያጎረብጠው ሻካራው፣ የሚደጋግመው ማሚቶው፣ የሚያንቀጠቅጠው ወባው ይባላሉ። በወባው ላይ ጠብ የለም። ታላቅየው ግን «ማሚቶው ይቅደም፣ ሻካራው ይከተል፤ ድምፁ እንደ ደመና ይወፍራል» ባይ ነው። ታናሽየው ደግሞ «መጀመሪያ ይሻክር፣ ከዚያ ይደጋገም፤ እያንዳንዱ ቃል ጥርት ብሎ ይሰማል» ባይ ነው። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ታናሽየው አንድ ቀን ሊቀመንበሩ ባለበት «የወንድሜ ጊታር አፉን በእንጀራ ሞልቶ የሚያወራ ሰው ይመስላል» አለ። ሊቀመንበሩ ሳቀ። ታላቅየው ጊታሩን ፈታ፣ ሻንጣውን ዘጋ፣ ያን ዕለት አፉንም ዘጋ። የቀረውን ሁለቱም ያውቁታል፤ ማን ይቅደም የሚለው ጥያቄ ስለ ማሚቶ እንዳልሆነ ግን አንዳቸውም ጮክ ብለው አላሉትም።

ፔዳሎቹ ለየብቻ በነበሩ ጊዜ እያንዳንዱ እንደፈለገው ይደረድር ነበር። አንድ ሣጥን ውስጥ ሲገቡ ግን ቅደም ተከተሉ በብየዳ ይጸድቃል፤ ወደ ኋላ የለም። ስለዚህ ፊውዝ አራት መርገጫ አቀደች፦ ሦስቱ ለሦስቱ ድምፆች፣ አራተኛው ቅደም ተከተሉን የሚገለብጥ። አንዴ ሲረገጥ የታላቅ፣ ደግሞ ሲረገጥ የታናሽ። ሣጥኗን ያገኘችው ከመሥሪያ ቤቷ ነው፤ ከአንድ አሮጌ ሕንፃ የተነቀለ የሊፍት መጥሪያ ነበረች፤ ጠንካራ አሉሚኒየም፣ ከጡብ ብዙም የማትበልጥ። በላይዋ ላይ ሁለት የሚበሩ ቀስቶች አሏት፤ ቀዩ ወደ ላይ፣ አረንጓዴው ወደ ታች። ቀዩን ለታላቅየው፣ አረንጓዴውን ለታናሽየው ደለደለች። ታናሽየው አንዴ አየና «እኔ ለምን ታች ሆንኩ?» አለ። ቀስቶቹን ብትቀያይር ታላቅየው ምን እንደሚል መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። ፊውዝ ሣጥኗን በጎኗ አጋደመቻት፤ ቀስቶቹ አንዱ ወደ ቀኝ፣ አንዱ ወደ ግራ ሆኑ። ከሥራው ሁሉ በጣም ያኮራት ይህ ነው።

የቀረው አልሆነላትም። ቅደም ተከተሉን ለመገልበጥ ከእያንዳንዱ ቦርድ ሽቦ ወደ አራተኛው መርገጫ ሄዶ መመለስ አለበት፤ ሣጥኗ ደግሞ ጠባብ ናት፣ ሽቦዎቹ እንደ ጎረቤት ወሬ ይሰማማሉ። ከማሚቶው የሚወጣው ድምፅ ወደ ሻካራው መግቢያ ያፈስሳል፣ ሻካራው ያጎላዋል፣ ማሚቶው ይደግመዋል፤ ከዚያ ፉጨት ነው። ሽቦውን አሳጠረች፣ ፉጨት። በቀጭን ቆርቆሮ ጋረደችው፣ ፉጨት። ያን ጠዋት ቁርስ ተነሥቶ ለመጨረሻ ጊዜ ስትሞክራት ሣጥኗ እንደተረገጠ ድመት ጮኸች፣ ጎረቤት ግድግዳ ደበደበ፣ ሁለቱ ወንድማማቾችም ለመጀመሪያ ጊዜ በአንድ ነገር ተስማሙ፦ ሁለቱም ጆሯቸውን ያዙ።

«እስከ ልምምድ ድረስ ይደርሳል?» አለ ታላቅየው።

«ይደርሳል።»

«ለዚያ ልጅ ከደረሰለት ለኔም ይድረስ፤ ለኔ ካልደረሰ ግን ለሱም አይድረስ። ንገሪው።»

«ሰምቻለሁ በያቸው» አለ ታናሽየው፤ ሲበሽቅ አንቱታ ይቀናዋል።

ፊውዝ ሣጥኗን፣ መበየጃዋን፣ ፒንሳና ካቻቢቴዋን በቦርሳ አድርጋ ወደ ሥራ ሄደች። የዛሬው ሥራዋ እዚያው አዳራሹ ያለበት ሕንፃ ነው፤ ግብዣ ሲኖር ሊፍቱን አስቀድማ ትፈትሻለች፣ ከዚያ ግብዣው እስኪያልቅ ተረኛ ሆና ትቆያለች። ሰገነቱ ላይ ያለው የሞተር ክፍል ጠባብ፣ ሞቃትና ቅባት ቅባት የሚሸት ነው፤ አንዲት መስኮት፣ አንድ ወንበር፣ አንድ ሶኬት። ሞተሩ በዞረ ቁጥር ወለሉ ይርገበገባል። እዚያ ሆና ክዳኗን እንደገና ፈታች፤ ሽቦዎቹን እንደገና አየቻቸው፤ እነሱም አዩዋት። ፈትቶ ከመጀመሪያው ለመሥራት ሌላ ሣጥንና ሌላ ሳምንት ይፈልጋል። ሁለቱም የሏትም።

ለሙከራ ሊፍቱን ይዛ ስትወርድ ሁለት የኢንሹራንስ ሰዎች ኬክ ተሸክመው ገቡ። አንደኛው፣ ከረባቱ ከኬኩ ጋር የተዛመደ ሰው፣ በሩን ዝጋ የሚለውን ቁልፍ በክርኑ ተጫነ፤ ደግሞ ተጫነ፤ ደጋግሞ ተጫነ። በሩ ተዘጋ። «ዛሬ ፈጥኗል» አለ ለጓደኛው። «አምና ሞቶ ነበር። ጠግነውታል።»

«ልዩነቱ ይታወቃል» አለ ጓደኛው።

ፊውዝ ጫማዋን አየች። የዚያን ቁልፍ ሽቦ የቆረጠችው ራሷ ናት፣ ሥራ በጀመረችበት ዓመት፣ በመሥሪያ ቤቷ ኢንጂነር ትእዛዝ። ሰዉ በሩን ሰው ላይ እየዘጋ አስቸግሮ ነበር። ቁልፉን ነቅላ ቀዳዳውን ልትደፍነው ስትል ግን ኢንጂነሩ ከለከላት። «ሽቦውን ቁረጪ፣ ቁልፉን ተይው። ሰው የሚጫነው ነገር ካጣ ግድግዳ ይደበድባል።» በሩ ከዚያ ወዲህ የሚዘጋው በራሱ ጊዜ ነው። አንድም ቅሬታ አልመጣም፤ ምስጋና ግን ይመጣል።

ሰገነቱ ላይ ተመልሳ ብዙ አሰበች። ማለትም ብዙ እንዳታስብ ሞተሩን ቅባት ቀባች፣ መስኮቱን ወለወለች፣ ወንበሩን አዟዟረች። በሙያዋ ዋሽታ አታውቅም፤ በወንድሞቿ መሃል ግን ከመዋሸት ሌላ ምን ስትሠራ ኖረች? «ሰላም ብሎሃል» ያላለውን ሰላም አድርሳለች፤ «ይቅርታ ለማለት ፈልጎ ነበር» ያልተፈለገ ይቅርታ አድርሳለች። ከአራተኛው መርገጫ ወደ ቦርዶቹ የሚሄዱትን ሽቦዎች አንድ በአንድ ቆረጠች። ለቀስቶቹ መብራት የሚሄዱትን ብቻ ተወች። ቀጥሎ የሚከብደው መጣ፤ ቦርዶቹ አሁን አንድ ቅደም ተከተል ብቻ ነው የሚኖራቸው፣ የማን ይሁን? ሻካራው ከመግቢያው አጠገብ፣ ማሚቶው ከመውጫው አጠገብ ተቀምጠዋል። የታናሽየውን ከሆነ ሁለት አጫጭር ሽቦ ይበቃል። የታላቅየውን ከሆነ ሽቦው ሣጥኗን ዞሮ ይመለሳል፣ ፉጨቱም አብሮት። ለማንም አላዳላችም፤ ያዳላችው ለሽቦው ነው። ሰክታ ስትሞክራት ሣጥኗ እንደ ጨዋ ልጅ ዝም አለች። ክዳኗን ዘጋች፣ አራቱንም ብሎኖች እስከ ጥግ አጠበቀች፤ ታላቅየው ነገሩን ያወቀ ዕለት ሁለት ዓመቱ ወደ ሃያ እንደሚሄድ እያሰበች አንድ ጊዜ ደግማ አጠበቀቻቸው።

የልምምዱ ሰዓት ደርሶ አዳራሹ ውስጥ ወንበር እየተደረደረ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ባዶውን መድረክ፣ ከመሃሉ የተቀመጠችውን ሣጥን፣ ከሣጥኗ የሚወጣውን አንድ ሽቦ አየና ሣንቲም ያገኘ ሰው መሰለ። «ቀስቶቹ ምንድን ናቸው?»

«ጌጥ ናቸው» አለች ፊውዝ። አዳራሹ ውስጥ ስለ ሣጥኗ የተናገረችው ብቸኛ እውነት ነበር።

ታላቅየው ቀዩን አበራ። ዓይኑን ጨፍኖ አንድ ዜማ አወጣ፣ ቀስ ብሎ፣ እንደ ዘመድ ጠያቂ። ፊውዝ ከግድግዳው ተለጥፋ ፊቱን ታያለች። ይህ ሰው ከሌላ ክፍል ሆኖ የጎረቤት ራዲዮ ባትሪ ሊያልቅ መሆኑን የሚለይ ሰው ነው። ጆሮው ዘንበል አለ፤ ቅንድቡ ተሰበሰበ። ቅንድቡ ተፈታ። «ይኸው» አለ። «ቤቴ ገባሁ። ወፍሯል፣ ሰማሽው? ለዚያ ልጅ ንገሪው፣ ድምፅ ማለት ይህ ነው።»

ታናሽየው ወጣና አረንጓዴውን አበራ። ፈጣን ነገር ተጫወተ። መሃል ላይ አንዲት ድምፅ ጎትቶ ያዘ፣ ሳይለቃት አራተኛውን መርገጫ ረገጠ፤ ቀይ፤ ረገጠ፤ አረንጓዴ። ቀና ብሎ ፊውዝን አየ። ፊውዝ ሽቦ ጥቅለላ ላይ ነበረች።

«ሰማይና ምድር ናቸው!» አለ ሊቀመንበሩ ከበሮው አጠገብ ሆኖ። «የቀዩ ወፍራም፣ የአረንጓዴው ጥርት ያለ። ያልሰማ አለ? ተቃውሞ? ድምፀ ተዓቅቦ?» ከበሮ መቺው እጁን ሊያወጣ አስቦ ነበር፣ ግን ብቻውን ደንቆሮ መባልን ፈርቶ ራሱን አከከበት።

«ሰማይና ምድር» አለ ታናሽየው በመጨረሻ።

ግብዣው ግብዣ ነበር። የኢንሹራንሱ ዋና ሥራ አስኪያጅ ስለ ያልተጠበቀ አደጋ ረጅም ንግግር አደረጉ፤ ኬኩ ተቆረጠ፤ ሰው መጀመሪያ በወንበሩ፣ ኋላ በእግሩ ጨፈረ። ታላቅየው ድርሻውን በቀዩ ቀስት ተጫውቶ ሲጨርስ ከመድረኩ ጎን ያለች ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ወትሮ በዚህ ሰዓት ጀርባውን ሰጥቶ ውኃ ይጠጣል። ታናሽየው ወጣ፣ ጊታሩን ሰካ። ቀዩ እንደበራ ነው። ፊውዝ ከበሩ ሆና መርገጫውን እስኪረግጥ ጠበቀች። አልረገጠም። አንዱን ጨረሰ፣ ሌላውን ጀመረ፤ ቀዩ ቀስት እግሩ ሥር እንደበራ። ታላቅየው ውኃውን አፉ አድርሶ ቆመ። መብራቱን አየ፣ ታናሹን አየ፣ መብራቱን አየ። ብርጭቆውን ሳይጠጣ አስቀመጠው፤ ወንበሩንም ወደ መድረኩ አዞረው። እስከ መጨረሻው ድረስ በእግሩ ጣት ምት ሲመታ ነበር።

ዕቃ ሲሰበሰብ ታላቅየው መጣ። ፊውዝ መሃል እንድትገባ ቦታ ነበረ፤ በልማድ አንድ እግሯን አንሥታም ነበር። ታላቅየው አልፏት ሄደ።

«በኔ ተጫወትክ» አለው።

ታናሽየው የጊታሩን ማንገቻ እየፈታ፣ «አዎ» አለ።

«ከበደህ?»

«አልከበደኝም።»

ታላቅየው ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀው ንግግር ይህን አልጠበቀም። «እኔም በሚቀጥለው» አለ፣ «ያንተን ልሞክራት እችላለሁ። አልወደውም። ግን ልሞክራት እችላለሁ።» ከዚያ ኮቱን ፍለጋ ዞረ፤ ኮቱ እጁ ላይ ነበር።

ፊውዝና ታናሽየው ሊፍቱ ደጃፍ ቆመው ጠበቁት። በኮሪደሩ መስኮት የአመሻሽ ብርሃን ይገባል፤ ታች መንገዱ ላይ መኪናዎች መብራት ማብራት ጀምረዋል። ታናሽየው ሣጥኗን በብብቱ እንደያዘ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «አራተኛው ባዶ ነው» አለ።

ፊውዝ መካዱን ሞከረችና ደከማት። «መቼ አወቅህ?»

«ልምምድ ላይ። ድምፅ ይዤ ረገጥኩት፣ ንቅንቅ አላለም።»

«ታዲያ ሰማይና ምድር ያልከው?»

«ሊቀመንበሩ የሰማውን እኔ ልደንቁርበት?» ፈገግ አለና ወዲያው ተወው። «ውስጡ የማን ነው?»

«ያንተ።»

ሊስቅ ነበር። ሳቁ ግማሽ መንገድ ደርሶ ተመለሰ። ከኮሪደሩ ጫፍ ታላቅየው ኮቱን ለብሶ፣ ጊታሩን አዝሎ፣ ከሩቅ የሠርግ ሰው መስሎ እየመጣ ነው። ታናሽየው ለረጅም ጊዜ አየው።

«ቀዩን እያወቅህ ነው የተውከው?» አለች ፊውዝ።

«ምን ጎደለብኝ? ድምፁ የኔ፣ መብራቱ የሱ።» ሣጥኗን ወደ ብብቱ ጠበቅ አደረጋት። «እንዳትነግሪው። አንቺ ሁሉን ነገር ማድረስ ትወጃለሽ።»

ሊፍቱ መጣ። ሦስት ሰው፣ ሁለት ጊታር፣ አንዲት ሣጥን ሲገቡ ጠበባቸው፤ ትከሻ ለትከሻ ገጠሙ፤ አሁን ማን መሃል እንደሆነ ለመለየት አይመችም። በሩ እንደ ልማዱ ተከፍቶ ቆሞ ያስባል። ታላቅየው እጁን አሾልኮ፣ በሩን ዝጋ የሚለውን ቁልፍ በአውራ ጣቱ ተጫነና ያዘው። በሩ በራሱ ጊዜ፣ አንድም ሳይቸኩል፣ ተዘጋ።

«አያችሁ?» አለ ታላቅየው። «ሰው ነካ ነካ እያደረገ ነው የሚያበላሸው። ተጭኖ መያዝ ነው።»

ታናሽየው ፊውዝን አየ። ፊውዝ ጣሪያውን አየች፤ ከዚያ በላይ ያለውን እሷ ታውቀዋለች።

«ልክ ነህ፣ ጋሼ» አለ ታናሽየው።

ሊፍቱ አንድ ፎቅ ወርዶ ቆመ፣ በሩ ተከፈተ፣ ደጅ ላይ ሰው የለም። ቁልፉን ቀድሞ የተጫነው ታናሽየው ነበር፤ ተጭኖም ያዘው፣ እንደተባለው፣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ።